ፕሪቪው ላይ የነበረው ተራራ የት ሄደ? የቴሬይን ሶፍትዌሮች አዳዲስ ፊቸሮች ሲፈተሹ

ቴሬይን፣ ማለትም ለጌምና ለመሰለው የሚሆን የመሬት ገጽታ፣ በሶፍትዌር የሚያመነጭ ሰው ይህን ሳያየው አይቀርም። በ1024 (በየጎኑ 1024 ነጥብ ባለው) ፕሪቪው፣ ማለትም ቅድመ ዕይታ፣ ላይ ሸንተረሩም፣ ሸለቆውም፣ ከግርጌው የተነጠፈው ደለልም በየቦታቸው ተሰድረዋል። ፋይናል ቢልዱ፣ ማለትም የመጨረሻው ውጤት፣ በ8192 ሲወጣ ትልቁ ሸለቆ የለም፤ ተዳፋቱ በሺህ ጥቃቅን ፈፋ ተቧጥጧል። ግራፉ (ኖድ የሚባሉት የሥራ ደረጃዎች ሰንሰለት) ያው፣ ሲዱ (የዘፈቀደ ቅርጹ መነሻ ቁጥር) ያው፣ ተራራው ግን ሌላ።

አሁን በየቤታ (የሙከራ) ስሪቱ የሚለቀቀው ፊቸር ብዙ ነው፦ በጂፒዩ (በግራፊክስ ካርድ) ወዲያው የሚታይ ኢሮዥን (የመሸርሸር ስሌት)፣ ወንዝ መሳያ፣ በታይል (በካሬ ቁራሽ) የሚከፋፈል ግዙፍ ዓለም፣ እውነተኛ የከፍታ መረጃ ማስገቢያ፣ ከንድፍ ላይ ተራራ የሚያወጣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ። እዚህ ሁሉም የሚመዘኑት በአንድ ሚዛን ነው፤ ፕሪቪውንና ፋይናሉን ያቀራርባሉ ወይስ አያቀራርቡም? የማያቀራርብ ፊቸር ለማስተዋወቂያ ቪዲዮ ያምራል፣ ሥራ ላይ ግን ሰው ያስለቅሳል።

የችግሩ ሥር ያለው ኢሮዥኑ ውስጥ ነው። አብዛኛው የውኃ ኢሮዥን ውኃውን ከአንዱ የፍርግርግ ሕዋስ ወደ ጎረቤቱ ያሻግራል፤ በአንድ ዙር አንድ ሕዋስ። 8192 ሜትር ስፋት ያለው መሬት በ1024 ሲሠራ አንዱ ሕዋስ 8 ሜትር ነው፤ በ8192 ሲሠራ 1 ሜትር። 300 ዙር ብትሰጡት በመጀመሪያው ውኃው ደለሉን ተሸክሞ እስከ 2,400 ሜትር ይወርዳል፤ በሁለተኛው 300 ሜትር ሄዶ ይቆማል። ሸለቆውን የሚቆፍረው ረጅሙ ጉዞ ነበር። ያ ጉዞ ሲያጥር የሚቀረው ቡጭርጭር ብቻ ነው።

በዚያ ላይ ተዳፋቱ ራሱ ይለወጣል። 6 ሜትር ከፍታ ያለው ገደል በ8 ሜትር ሕዋስ ሲለካ 37 ዲግሪ ያህል ነው፤ በ1 ሜትር ሕዋስ ሲለካ 80 ዲግሪ ይሆናል። ቴርማል ኢሮዥን የሚባለው የናዳ ኖድ ከ35 ዲግሪ በላይ ያለውን አፍርስ ተብሎ ከታዘዘ፣ ፕሪቪው ላይ ገደሉን በጭንቅ ይነካዋል፤ ፋይናሉ ላይ ግን ወደ ጠጠር ክምር ይቀይረዋል። ኖይዙም (መሬቱን የሚያጎርብጠው የዘፈቀደ ሞገድ) አያርፍም። 1024 ላይ ከ16 ሜትር ያነሰ ሞገድ ሊታይ አይችልም፤ 8192 ላይ ሦስት ተጨማሪ ኦክታቭ (እያንዳንዱ ከፊተኛው በግማሽ ያነሰ ሞገድ) ይገባል። እነዚህ ጥቃቅን ጉብታዎች መካከል የሚፈጠሩት ጎድጓዶች ውኃውን እየያዙ ያስቀሩታል።

ስለዚህ አዲስ ስሪት ሲወጣ የማሳያ ምስሉን ትታችሁ ይህን ፍተሻ አድርጉ። አዲስ ፋይል ላይ አንድ የኖይዝ ኖድ፣ አንድ የውኃ ኢሮዥን ኖድ፣ አንድ መውጫ አስቀምጡ፤ ሌላ ምንም አትጨምሩ። የመሬቱን ስፋት 8192 ሜትር፣ የከፍታውን ጣሪያ 2,000 ሜትር ብላችሁ ሲዱን ቆልፉ። ኖርማላይዝ ወይም ኦቶ ሌቭል የሚል (ከፍታውን በራሱ የሚለጥጥ) ነገር ካለ አጥፉት፤ ይህን የረሳ ሰው የሚያወዳድረው ሁለት የተለያዩ ሜትሮችን ነው። በ1024፣ በ2048 እና በ4096 ሁሉንም በ32 ቢት ፍሎት (በአስርዮሽ ቁጥር) አውጡ። ትልልቆቹን የሕዋሳቱን አማካይ እየወሰዳችሁ ወደ 1024 አሳንሱ። የቅርቡን አንድ ነጥብ ብቻ በሚወስደው፣ ኒረስት በሚባለው ስልት ካሳነሳችሁ የምታዩት የማሳነሻውን ስህተት ነው፣ ኢሮዥኑን አይደለም። ከዚያ አንዱን ከሌላው ቀንሱ።

ውጤቱ ላይ ቁጥሩን ብቻ አትዩ፤ ልዩነቱ የት እንደተቀመጠ እዩ። በሸንተረር ጫፍና በፈፋ ውስጥ እንደ ቀጭን ክር ከተዘረጋ ጤና ነው፤ ዝርዝር ሲጨመር የሚመጣ ነው። ጥቁርና ነጭ ሰፋፊ ንጣፎች ጎን ለጎን ከተኙ ግን ሸለቆው ቦታ ቀይሯል። ከ2,000 ሜትር ላይ አማካይ ልዩነቱ እስከ 20 ሜትር ቢደርስ የሚታገሡት ነው። 100 ሜትር ካለፈ በዚያ ፕሪቪው ተማምኖ መንገድና ሰፈር ማስቀመጥ ሞኝነት ነው።

ይህን ፈተና የሚያልፉት አብዛኛውን ጊዜ ኢሮዥንን በደረጃ የሚሠሩት ናቸው፤ አሁን ከሚለሙት ፊቸሮች ሁሉ ትልቁን ቦታ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። መሬቱ መጀመሪያ በ256 ይሸረሸራል። ከዚያ ወደ 512 ያድጋል፣ ለዚያ ደረጃ የሚመጥነው ኖይዝ ብቻ ይጨመርበታል፣ እንደገና ይሸረሸራል። አምስት ጊዜ እጥፍ ሲሆን 8192 ይደርሳል። የትልቁን ሸለቆ ዕጣ የሚወስነው የ256ቱ ደረጃ ስለሆነ ፕሪቪውም ፋይናሉም ከአንድ አባት ይወለዳሉ፤ ፕሪቪው ቀድሞ የቆመ ፋይናል ነው ማለት ነው።

የሚበላሽበት ቦታ ግን አለው። አንዳንድ አሠራር መነሻውን ደረጃ የፋይናሉ አንድ ስምንተኛ ብሎ ይተረጉመዋል። ያኔ የ1024 ፕሪቪው ከ128 ይነሣል፣ የ8192 ፋይናል ከ1024 ይነሣል፣ የሸሸነው ችግር በሌላ በር ይገባል። ቅንብሩ ውስጥ መነሻው በሜትር መገለጹን አረጋግጡ፤ ለምሳሌ ሕዋሱ 32 ሜትር። ጥንካሬውም በየደረጃው መቀነስ አለበት፤ በየእጥፉ ዙሩን በግማሽ ማውረድ ጥሩ መነሻ ነው። አለበለዚያ የመጨረሻው ደረጃ የመጀመሪያውን ሥራ አጥቦ ይወስደዋል። ተዳፋቱ ላይ የተጠረበ የሚመስል የአራት ማዕዘን ሽክሽክ ካያችሁ ደግሞ ማሳደጊያው ባይሊኒየር (ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር የሚያገናኝ) ነው። ወደ ባይኪዩቢክ (በኩርባ ወደሚያገናኘው) ቀይሩት፤ ምርጫው ካልተሰጣችሁ ለአልሚዎቹ ጻፉ፤ ቀላል ማስተካከያ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን ከጂኦሞርፎሎጂ (ከመሬት ቅርጽ ጥናት) የመጣ ቀመር ወደ ሶፍትዌሮቹ እየገባ ነው። የመሸርሸር ፍጥነት ከላይ ውኃ በሚሰበስበው የተፋሰስ ስፋትና በተዳፋቱ ልክ ያድጋል ይላል፤ የሁለቱ ርቢዎች ጥምርታ አብዛኛውን ጊዜ 0.5 አካባቢ ነው። ይህንን ከመሬት መነሣት ጋር አጣምሮ ሰፋፊ የተራራ ሰንሰለት ማውጣት እንደሚቻል በ2016 የታተመ የኮምፒውተር ግራፊክስ ጥናት አሳይቷል። ጠብታ አይከተልም፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ከላዩ ምን ያህል መሬት ወደ እሱ እንደሚፈስ ይቆጥራል። በዚህ ምክንያት የዙር ቁጥሩ የውኃውን ጉዞ አያሳጥረውም፣ ገባሮቹም እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተያይዘው ወደ ዋናው ወንዝ ይወርዳሉ። ኖይዝ ብቻውን ይህን መረብ ሊሰጥ አይችልም።

ሆኖም ሦስት ነገር ያስቸግራል። ውኃው ከ8 ጎረቤቶች ወደ አንዱ ብቻ እንዲሄድ ከተደረገ ለስላሳ ተዳፋት ላይ ፈፋዎቹ በመስመሪያ እንደተሰመሩ በ45 እና በ90 ዲግሪ ይደረደራሉ። መፍትሔው ፍሰቱን ለሁለት ጎረቤት ማካፈል ነው፤ ይህ ከ1997 ጀምሮ በሃይድሮሎጂ የታወቀ ስልት ስለሆነ በአዲስ ሶፍትዌር ላይ መታጣቱ ያስገርማል። ሁለተኛው ጎድጓድ ነው። መውጫ የሌለው ጎድጓድ ውስጥ የገባ ውኃ የተፋሰሱን ቆጠራ ያቋርጠዋል። ጎድጓዱን ሙላ ስትሉት ጠፍጣፋ ሜዳ ይተክላል፤ ዳርቻውን ጣስ ስትሉት ቀጭን ቦይ ይቆርጣል። ለተራራማ ቦታ መጣሱ፣ ሐይቅ ለሚፈለግበት መሙላቱ ይሻላል፤ ሁለቱንም የማይሰጥ ኖድ ግማሽ ኖድ ነው። ሦስተኛ፣ ቀመሩ በመሠረታዊ መልኩ ይቆርጣል እንጂ አያስቀምጥም። ሸለቆው ሁሉ ስል ሆኖ ሜዳው ባዶ ይቀራል። ከኋላው ደለል የሚያነጥፍ ቀለል ያለ የውኃ ኢሮዥን መጨመር ግድ ነው።

ደለልን በተመለከተ ሁዲኒ የተባለው የ3ዲ ሶፍትዌር ሌሎቹ ሊማሩበት የሚገባ ነገር አለው። የቴሬይን መሣሪያዎቹ በ2017 በስሪት 16 ገብተዋል፤ የኢሮዥን ኖዱ አለቱን፣ ደለሉን፣ ፍርስራሹንና ውኃውን በየራሳቸው ንብርብር ይይዛቸዋል፤ የናዳ መቁረጫውና የፍርስራሹ ማረፊያ ማዕዘን ለየብቻ ይስተካከላሉ። ቁመቱ አንድ ቁጥር ብቻ በሆነበት ሶፍትዌር አለቱና ከላዩ ያረፈው አፈር አይለዩም፤ ሁለተኛ ኢሮዥን ሲጨመር ለስላሳው ደለል እንደ አለት ይቆጠራል። በሁዲኒ ደለሉ ቀድሞ ይታጠባል፣ አለቱ ይቀራል። በ2024 በስሪት 20.5 የመጣው ኮፐርኒከስ ደግሞ የምስል ኖዶችን ወደ ጂፒዩ ስላዞረ ማስክ (ቦታ መለያ ምስል) ማዘጋጀቱን ያፈጥናል። ዋጋው ግን ጊዜ ነው፤ ተራራ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ሁዲኒን መማር በመጥረጊያ ፈንታ ትራክተር መግዛት ነው። አፕረንቲስ የተባለው ነፃ ስሪት ለንግድ ሥራ አይፈቀድም፤ ለመሞከር ግን ይበቃል። ዎርልድ ክሪዬተር በጂፒዩ ወዲያው ስለሚያሳይ ቅርጽ ፍለጋ ላይ እጅ አያስርም። ዎርልድ ማሽንና ጋያ በኖድ ለሚያስብ ሰው ቀለል ይላሉ። ከ2024ቱ ጋያ 2 ጋር የመጣው ኢሮዥን 2 ኖድ ከላይ ባለው ፍተሻ ለመጀመር ጥሩ ዕጩ ነው።

የጂፒዩው ጉዳይ ሒሳብ ነው። 8192 በ8192 ማለት 67 ሚሊዮን ነጥብ ነው፤ በ32 ቢት አንዱ ንብርብር 256 ሜጋባይት ይይዛል። ሕዋሳቱ በቧንቧ እንደተያያዙ አድርጎ የሚያሰላው የታወቀው የቧንቧ ሞዴል ኢሮዥን መሬት፣ ውኃ፣ ደለል፣ አራት የፍሰት አቅጣጫና ሁለት የፍጥነት ንብርብር ይፈልጋል፤ በድምሩ 9። ይህ 2.25 ጊጋባይት ነው፤ የድሮውና የአዲሱ ዙር ጎን ለጎን ሲያዙ 4.5። በ16384 በ4 ተባዝቶ 18 ጊጋባይት ይደርሳል። 12 ጊጋባይት ያለው ካርድ 16 ኬ (16384) ይሠራል የሚል ማስታወቂያ ስታዩ፣ ወይ በታይል ነው፣ ወይ በ16 ቢት ነው፣ ወይ ወደ ራም እየገለበጠ ነው፤ ጠይቁ።

ዊንዶውስ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። አንድ የጂፒዩ ሥራ ከ2 ሰከንድ በላይ መልስ ሳይሰጥ ከቆየ ሲስተሙ ድራይቨሩን ዳግም ያስነሣዋል፤ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁራል፣ ሶፍትዌሩ ይዘጋል፣ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል። ብዙ ሰው ካርዱ የተበላሸ ይመስለዋል። የጊዜ ገደቡን ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ውስጥ ማራዘምና ኮምፒውተሩን ማስነሣት ይቻላል፤ ዋናው መፍትሔ ግን ሶፍትዌሩ ሥራውን ቆራርጦ መላኩ ነው። ትልቁ ሬዞሉሽን ላይ ብቻ የሚዘጋ ቤታ ካጋጠመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚያበሳጨው ግን በጠብታ የሚሠራ የጂፒዩ ኢሮዥን ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ጠብታዎች አንድ ሕዋስ ላይ በአንድ ጊዜ ሲደምሩ ቅደም ተከተላቸው በየቢልዱ ይለያያል፤ የፍሎት ድምር ደግሞ ቅደም ተከተል ሲቀየር በመጨረሻው አኃዝ ይቀየራል። ያቺ ቅንጣት ልዩነት በ300 ዙር አድጋ ፈፋ ታዘዋውራለች። ያው ፋይል ሁለት ጊዜ ተቢልዶ ሁለት መልክ ይወጣል። ፍተሻው ቀላል ነው፤ ምንም ሳትነኩ ሁለቴ አውጡና ቀንሱ። ዜሮ ካልሆነ ያንን ኖድ በታይል ሥራ ውስጥ አታስገቡት።

ታይል ላይ ስፌቱ (የታይሎቹ መገናኛ) የሚታየው አንዱ ታይል የጎረቤቱን ውኃ ስለማያይ ነው። መደራረቢያው (ታይሎቹ እርስ በርስ የሚጋሩት ጠርዝ) ቢያንስ ውኃው በዙሮቹ ውስጥ የሚጓዘውን ያህል መሆን አለበት፤ 300 ዙር ከሆነ በየጎኑ 300 ሕዋስ። 2048 ታይል ያኔ 2648 ሆኖ ይሰላል፤ ሥራው በ67 በመቶ ይጨምራል። ራም ለመቆጠብ ብላችሁ ታይሉን ወደ 1024 ካወረዳችሁ 1624 ይሆናል፤ ይህ 2.5 እጥፍ ሥራ ነው። ትንሽ ታይል ርካሽ ይመስላል እንጂ አይደለም። 40 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ወንዝን ደግሞ የትኛውም መደራረቢያ አያድነውም። ትልቁን ኢሮዥን ለመላው ዓለም በዝቅተኛ ሬዞሉሽን አንድ ጊዜ ጨርሱ፣ ታይሉን ለጥቃቅኑ ዝርዝር ብቻ ተዉት። ስፌቱ ላይ ፈፋዎቹ ተገናኝተው ከፍታው ብቻ እንደ ደረጃ ከዘለለ ኢሮዥኑን አትውቀሱ፤ መውጫው እያንዳንዱን ታይል በየራሱ ከፍተኛና ዝቅተኛ ነጥብ ኖርማላይዝ አድርጎታል።

ወንዝ መሳያዎቹ ተሻሽለዋል፤ ግን መስመር ስቦ መቦርቦር ወንዝ አይደለም። ጥሩ መሣሪያ የተሳለው መስመር ሽቅብ የሚሄድበትን ቦታ ያስተካክላል፣ ስፋቱንም ከውኃው መጠን ያወጣል። ስፋት በግምት በውኃው መጠን ስኩዌር ሩት ያድጋል፤ ገባር ተደባልቆ ውኃው 4 እጥፍ ሲሆን ወንዙ 2 እጥፍ ይሰፋል። ከምንጩ እስከ አፉ አንድ ስፋት ያለው ወንዝ ቦይ ይመስላል። ቅደም ተከተሉም ልዩነት ያመጣል፤ ከኢሮዥን በፊት ከቆረጣችሁ ደለል ይሞላዋል፣ በኋላ ከቆረጣችሁ ዳርቻው በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ቁረጡ፣ ወንዙን በማስክ ከልላችሁ ቀለል ያለ ኢሮዥን አሳልፉበት፣ ከዚያ ወለሉን ብቻ ዳግም አስተካክሉ።

ከንድፍ ተራራ የሚያወጣው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በ2017 የሸንተረርና የወንዝ መስመር ተቀብሎ ቴሬይን የሚመልስ ኔትወርክ ታትሟል። ለመጀመሪያ ረቂቅ ያገለግላል። ምስሉ ግን ተራራ መሰለ እንጂ ውኃ ያፈስሳል ማለት አይደለም። ውጤቱን ጎድጓድ መሙያ ውስጥ አስገቡና ከዋናው ቀንሱ፤ በነጠብጣብ ከተሞላ ከላይ የተባለውን የተፋሰስ ቀመር ካላሳለፋችሁበት ለምንም አይበጅም።

እውነተኛ የከፍታ መረጃ ማስገቢያው ከዚህ ይልቅ ይጠቅማል፣ በሜትር ከተረዳው። በየካቲት 2000 ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካው ኤስአርቲኤም የተባለው የከፍታ መረጃ በ1 ሰከንድ ቅስት (በዲግሪ 1/3600) ተከፍሏል። ይህ ከሰሜን ወደ ደቡብ 31 ሜትር ያህል ነው፤ በ45 ዲግሪ ኬክሮስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ግን 22 ሜትር ብቻ። ፕሮጀክሽኑን (ክብ ምድርን ወደ ጠፍጣፋ ካርታ የመለወጫ ስልቱን) ሳይቀይር ሕዋሱን እንደ ካሬ የሚወስድ ማስገቢያ ተራራውን ወደ ጎን በ1.4 እጥፍ ይለጥጠዋል፤ ተዳፋቱ ስለሚሳሳት ኢሮዥኑም ይሳሳታል። መረጃው በተፈጥሮ ተሸርሽሮ ያለቀ መሆኑም አይዘንጋ። ጠንካራ ኢሮዥን ዳግም መጫን ሸለቆውን ያበላሸዋል፤ ከ30 ሜትር በታች ያለውን ዝርዝር ብቻ ጨምሩ።

ወደ ጌም ኢንጂን (ጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) ሲላክ የሚጠፋው ጊዜ አብዛኛው በቁጥር ስህተት ነው። በ8 ቢት 2,000 ሜትር በ256 ደረጃ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ እርምጃ 8 ሜትር ገደማ ስለሆነ ተዳፋቱ እርከን ይሆናል። በ16 ቢት እርምጃው 3 ሴንቲሜትር ነው። አንሪል በተባለው ኢንጂን ላይ የዜድ ስኬል (የከፍታ ማባዣ) 100 ማለት 512 ሜትር ስለሆነ ለ2,000 ሜትር 390.6 ትጽፋላችሁ። መጠኑንም 8192 ሳይሆን 8129 አድርጋችሁ አውጡ፤ ለትንንሾቹ 4033፣ 2017 ወይም 1009። ሌላው ኢንጂን ዩኒቲ 4097 ወይም 2049 ይፈልጋል። ሮው (ጥሬ የከፍታ ቁጥር ብቻ የያዘ) ፋይል ሲገባ መሬቱ እንደ ጃርት እሾህ ካወጣ የባይት ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ ማስገቢያው ላይ ያለውን ምርጫ ቀይሩት።

ቤታውን ከመክፈታችሁ በፊት የፕሮጀክት ፋይሉን ኮፒ አድርጋችሁ ለብቻ አኑሩ፤ በአዲሱ ስሪት አንዴ የተቀመጠ ግራፍ በአሮጌው ላይከፈት ይችላል። ከኮፒው ጎን የአሮጌውን ስሪት የ32 ቢት ሃይትማፕ (የከፍታ ምስል) አስቀምጡ። ኖዱ ስሙን ሳይቀይር ውስጡ ሲቀየር የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው።